መኪናዎን ማሻሻል ወይስ ፈጣን መኪና መግዛት፦ ለባሕር ዳር አሽከርካሪ የሚሆን የአወሳሰን ዘዴ

ባሕር ዳር ውስጥ «መኪናዬ አልሮጥ አለኝ» የሚል ባለንብረት ችግሩን ሲዘረዝር ቢያዳምጡት፣ ብዙውን ጊዜ የሚያማርረው ስለ ፍጥነት ሆኖ አያገኙትም። በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ መሠረት ለቤት አውቶሞቢል የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በከተማ ውስጥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ከከተማ ውጭ በአንደኛ ደረጃ መንገድ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህንንም ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ እንኳ ሜዳ ላይ ይደርስበታል። ሰውየውን ያስመረረው ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ተሳቢ የሚጎትት ሲኖትራክ ከፊቱ ተደንቅሮበት ለመቅደም አቅም ያጣበት ጊዜ፣ ወይም ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ጎንደር ሲሄድ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ያለው አቀበት ሁለተኛ ማርሽ ያስገባው ጊዜ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የጎደለው የቱ እንደሆነ ይለዩና በወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ አቀበት ላይ የሚያስፈልግ ጉልበት ነው፣ ለመቅደም የሚያስፈልግ ፈጣን አነሳስ ነው፣ ወይስ የአዲስ መኪና ምቾት? ሦስቱ የሚያስወጡት ገንዘብም ሆነ የሚያስኬዱት መንገድ የተለያየ ነው።

ፍላጎትዎ የጉዞ ሰዓት ማሳጠር ብቻ ከሆነ ስሌቱን አስቀድመው ቢያዩት ይጠቅምዎታል። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው 3 ሰዓት ይፈጅበታል፤ አማካዩን ወደ 65 ያሳደገ ደግሞ በ14 ደቂቃ ያህል ይቀድመዋል። ያንን አማካይ የሚወስኑት ግን ሐሙሲት፣ ወረታና አዲስ ዘመን ላይ የሚገጥሙት ባጃጆችና ጋሪዎች፣ መንገድ የሚያቋርጠው ከብት፣ ኬላውና ከፊት የሚያዘግመው አይሱዙ ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት ከየትኛውም ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የተሻለ ውጤት አለው፤ ወጪም የለውም።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 80 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ በሚስበው አየር ልክ በመሆኑ፣ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 ከመቶ ያህል ያጣል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ብሎ የመዘገበለት ቪትዝ ጣና ዳር ሲደርስ 57 ገደማ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደጀን ደግሞ 53 ገደማ ይቀረዋል። ከዓባይ በረሃው ድልድይ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ መኪና፣ ጉልበት ይበልጥ በሚያስፈልገው ሰዓት ጉልበቱ እየቀነሰበት ይሄዳል ማለት ነው። የመኪናው መግለጫ ላይ ያነበቡትን ቁጥር ይዘው መከራከር የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ውሳኔውን ለመወሰን ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው አንድ ቁጥር ግን አለ፤ እርሱም መኪናው አቀበቱን ለመውጣት ብቻ ከሚፈጀው በላይ የሚተርፈው ጉልበት ነው። ራሱ 900 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 4 ሰውና 50 ኪሎ ግራም ዕቃ የጫነ ቪትዝ በድምሩ 1,230 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ መኪና በ6 ከመቶ አቀበት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ይዞ ለመሄድ ጎማው ላይ 22 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስፈልገዋል። ደጀን አካባቢ ከሞተሩ ከሚወጣው 53 ውስጥ 15 ከመቶ ያህሉ በካምቢዮውና በሌሎች ማስተላለፊያዎች ሲባክን፣ ጎማው ጋ የሚደርሰው 45 ነው። ከ45 ላይ 22 ሲቀነስ 23 ይተርፋል፤ ሲኖትራኩን የሚያስቀድምዎት ይህ 23 የፈረስ ጉልበት ነው። እርሱም የሚገኘው ሞተሩ ወደ 6,000 ዙር ሲጠጋ ብቻ ነው። አራተኛ ማርሽ ላይ ሆነው ሞተሩ ከ3,000 ዙር በታች ሲሆን የሚሰጠው የዚያን ግማሽ ያህል ስለሆነ ትርፉ ባዶ ይሆናል፤ ነዳጁን እስከ ታች ቢረግጡትም መኪናው ድምፅ ከማሰማት በቀር ወደፊት የማይፈናጠረው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ሲሆን ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወርዶ ሞተሩን ማስጮህ የሚያሳፍር ወይም ሞተር የሚጎዳ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዘይቱና የሙቀት መጠኑ ደህና የሆነ የጃፓን ሞተር ግን ከቀዩ መስመር በታች እስካለ ድረስ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። ዝቅተኛ ዙር ላይ በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቁ መውጣት ይበልጥ ይጎዳዋል።

ይህ ስሌት ሌላም ነገር ያሳያል። ከሞተሩ 10 የፈረስ ጉልበት በእርጅናና በጥገና ጉድለት ቢጠፋ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ አቀበት ላይ ግን ትርፉን ከ23 ወደ 15 ገደማ ስለሚያወርደው መኪናው ግማሽ ሞት የሞተ ይመስላል። ብዙ ሰው አዲስ መኪና የሚያስፈልገው የሚመስለው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው።

መጀመሪያ የጠፋውን ማስመለስ

በእኔ ግምት ለማሻሻልም ሆነ ለመለወጥ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ መኪናውን ፋብሪካው ወደሠራበት አቋም መመለስ አለበት፤ ይህን ሳያደርጉ የሚደረግ ማሻሻያ ምን እንደጨመረ መለካት አይቻልም፣ ሳያደርጉ የሚሸጥ መኪናም ከዋጋው በታች ይሸጣል። ከቀላሉ ይጀምሩ። ዕቃ የማይጫንበት ፖርቶመጋላ ይውረድ፤ ኋላ ያለው ኮፈን ውስጥ ለዓመታት የተከማቸው ዕቃ ይውጣ፤ የጎማው ንፋስ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው መጠን ይሞላ። የአየር ፊልትሮው አውጥተው ወደ ፀሐይ ሲያዩት ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይቀየር፤ በበጋ ወራት የጥርጊያ መንገድ አቧራ የሚበላ መኪና ፊልትሮ አስፋልት ላይ ብቻ ከሚሄድ መኪና እጅግ ቀድሞ ይደፈናል። ካንዴላዎቹንም አስፈትተው ጫፋቸውን ይመልከቱ፦ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው፣ ጥቁርና ደረቅ ከሆኑ ነዳጅ በዝቷል፣ ዘይት የነካቸው ከሆኑ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮችን ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። አንደኛው ፍሪሲዮን ነው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሚወስደው አቀበት ላይ በሦስተኛ ማርሽ በዝግታ እየወጡ ሳለ ነዳጁን በአንዴ እስከ ታች ይርገጡት፤ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ተወርውሮ ሲወጣ የፍጥነቱ ቀስት ባለበት ከቀረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ጥቂት ቆይቶም የተቃጠለ ሽታ ይሰማዎታል። ሁለተኛው ሳይረገጥ የሚይዝ ፍሬን ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ፍሬን ብዙ ሳይጠቀሙ ነድተው ያቁሙና የእጅዎን መዳፍ ሳይነካ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አንደኛው ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀቱ የሚፋጅ ከሆነ የዚያ እግር ፍሬን አይለቅም። በክሪክ አንስተው በእጅ ሲያሽከረክሩትም ከግማሽ ዙር በላይ አልሄድ ይላል። እንዲህ ያለው መኪና ጉልበቱን ዳገት ከመድረሱ በፊት ፍሬኑ ላይ ጨርሶታል።

ሦስተኛው ፍተሻ ጋራዥ የሚጠይቀው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚጨምቅበት ግፊት፣ ልኬት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በደጋው አገራችን በተደጋጋሚ በስህተት የሚነበብ ልኬት ነው። ሞተሩ መሞቅ አለበት፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይፈታሉ፤ ነዳጅና እሳት ይቋረጣል፤ ሞተሪኖው ሲመታ ደግሞ አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረግጦ መያዝ አለበት፤ ያለዚያ አየር በደንብ ስለማይገባ መለኪያው ያለ ጥፋቱ ዝቅ ይላል። ከዚህም ጋር ከፍታውን ማሰብ ያስፈልጋል። መመሪያው ላይ 15 ባር የተጻፈለት ሞተር ባሕር ዳር ላይ 12 ባር ቢያነብ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፣ የሚገባው አየር መጀመሪያውኑ 80 ከመቶ ነውና። «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» ከመባሉ በፊት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይታይ፤ ሦስቱ 12 አንዱ 8 ካነበበ እውነትም ችግር አለ፣ አራቱም ከ11.5 እስከ 12 ከሆኑ ግን ጉዳዩን ሌላ ቦታ ይፈልጉት። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ድጋሚ ሲለኩት ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቶቹ ተበልተዋል፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ይጠረጠራል።

የራዲያተሩን ክዳን ማንም አያስበውም፤ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል። ውኃ በባሕር ዳር ከፍታ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚቋቋመው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን አቀበት ላይ ሞተሩን ያፈላዋል፤ የፈላ ሞተር ደግሞ ቴስታታ ያጣምማል።

ይህን ሁሉ አስጨርሰው አንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት ይዘው የለመዱትን አቀበት ይውጡ። ከዚህ በኋላ ቅሬታዎ ከጠፋ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ። ካልጠፋ ግን ቀጥሎ ያለው ምርጫ በጤነኛ መኪና ላይ የሚደረግ ምርጫ ይሆናል።

ማሻሻያው የሚያዋጣውና የማያዋጣው

ቱርቦ የሌለው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ላይ ከውጭ የሚገጠሙ ነገሮች፣ ማለትም ሰፊ የአየር መሳቢያ፣ የተለወጠ ማርሚታና የሞተር ኮምፒውተር ማስተካከያ፣ ሁሉም ተደምረው 5 ከመቶ ቢጨምሩ መልካም ነው። ይህም በቪትዙ ላይ ጎማው ጋ ሲደርስ 2 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። የሚጮህ ማርሚታ ፍጥነት የጨመረ የሚያስመስለው ጆሮን እንጂ የሰዓት መቁጠሪያን አይደለም፤ ጎረቤትዎም በዚህ ይስማማሉ። ሰፋ ያለ ቸርኬና ረዘም ያለ ጎማ ማስገባት እንዲያውም ወደ ኋላ ይጎትታል፦ የጎማው ቁመት በ5 ከመቶ ሲያድግ ጎማው መንገዱን የሚገፋበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያሳይዎታል። ሞላ ቆርጦ መኪናውን ዝቅ ማድረግን በተመለከተ፣ ክረምት ካለፈ በኋላ የከተማችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው የሚያስበው አይመስለኝም።

ትርጉም ያለው ለውጥ ሞተሩን መቀየር ነው። በቪትዝ ላይ የ1,000 ሲሲውን ሞተር በ1,300 ሲሲ መተካት ደጀን ላይ የሚተርፈውን ጉልበት ከ23 ወደ 34 ገደማ ያደርሰዋል፤ ይህ በእውነት የሚሰማ ለውጥ ነው። ነገር ግን ከሞተሩ ጋር ኮምፒውተሩ፣ ሽቦው፣ ካምቢዮውና የሞተር መያዣዎቹ አብረው ካልመጡ ሥራው ወራት የሚፈጅ ይሆናል። ያገለገለ ሞተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣ ስለሆነ፣ ከመገጠሙ በፊት ኮምፕሬሽኑ ተለክቶ ካላዩት ገንዘብ አይክፈሉ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የተመዘገበ በመሆኑም ለውጡን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። የሞተሩ የግዢ ወይም የጉምሩክ ሰነድ ሳይኖር የተገጠመ ሞተር በዓመታዊ ምርመራም በሽያጭም ጊዜ አንገት ያስደፋል። ሙሉ ዋስትና ካለዎት ለኢንሹራንሱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ያልተነገረው ለውጥ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳ ለመከልከያ ሰበብ ይሆናል።

ቱርቦ ለሌለው ሞተር ቱርቦ እንገጥማለን ለሚሉ ባለሙያዎች የምሰጠው መልስ አጭር ነው፦ አይግጠሙት። 10 ለ1 የሆነ የመጭመቂያ ምጣኔ ያለው ሞተር ቱርቦ ሲጨመርበት በከፍታው ምክንያት አጥቶት የነበረው ግፊት ይመለስበታል፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ፒስተን ይሰብራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከፍተኛ ኦክቴን ያለው፣ ማለትም ያለ ሰዓቱ መፈንዳትን ይበልጥ የሚቋቋም፣ ቤንዚን ነው፤ ማደያ ላይ ደግሞ «የትኛውን ኦክቴን ይፈልጋሉ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካን የሚገዛውማ ከውኃና ከነጭ ጋዝ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል ያልተነካውን ሞተር እንኳ ያንኳኳዋል።

ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የመጣ የናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ ሃይሉክስ ላይ ያለው ዓይነት፣ ጉዳዩ ይለያል። ቱርቦው ፈጥኖ በመሽከርከር የቀጠነውን አየር በከፊል ስለሚያካክሰው ከፍታው ብዙም አያደክመውም፤ የሞተሩን ኮምፒውተር በጥንቃቄ ማስተካከልም ከ15 እስከ 25 ከመቶ ጉልበት ሊጨምር ይችላል። እዚህ ላይ ማሻሻል ከመግዛት ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ከሆነና መኪናው በየጊዜው ከባድ ጭነት የማይጭን ከሆነ። ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚሄድ «የተሻሻለ» ናፍጣ ግን ነዳጅ እንጂ ጉልበት አልተጨመረለትም፤ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ቱርቦውን ይበላዋል።

የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ከጉልበት በፊት ፍሬን ይቅደም። መኪናን ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ80 ከሚሄደው ይልቅ ከግማሽ በላይ ተጨማሪ ርቀት ይፈልጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ ሲወርዱ ፍሬኑን ደጋግሞ የሚረግጥ ሹፌር ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል፤ የፈላ ዕለት ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በዶት 4 መተካትና በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከማንኛውም የማርሚታ ሥራ ያነሰ ዋጋ አለው። ቁልቁለቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱት።

መግዛት ሲሻል

ሌላ አገር ስለ መኪና ማሻሻል የተጻፈ ምክር ብዙውን ጊዜ የሚነሳው አሮጌ መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወድቃል ከሚል ሐሳብ ነው። እኛ ጋ ይህ አልሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለባቸው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በእነዚህ ምክንያቶች አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ዋጋውን ይዞ ቆየ፣ የመለዋወጫው ዋጋ ግን ከዶላሩ ጋር ወጣ። ለውሳኔዎ ይህ ማለት የሚከተለው ነው፦ መኪናው ላይ የሚቀመጥ ገንዘብ ሲሸጡ በአብዛኛው ይመለሳል፣ ማሻሻያው ላይ የሚወጣ ገንዘብ ግን አይመለስም። ገዢና ደላላ ሲመጡ የሚጠይቁት «ተነካክቷል ወይ?» ብለው ነው፤ የተቆረጠ ሽቦና የተለወጠ ሞተር ዋጋ ለማስቀነሻ ነጥብ ይሆንባቸዋል።

ስለዚህ ሁለቱን አማራጮች በሚተርፈው ጉልበት አካፍለው ያወዳድሩ። ከላይ ያለውን ቪትዝ ባለ 1,600 ሲሲ፣ 110 የፈረስ ጉልበት ባለው ኮሮላ ቢለውጡት መኪናው ከብዶም ቢሆን ደጀን ላይ የሚተርፈው ጉልበት ከ23 ወደ 46 ገደማ፣ ማለትም ወደ እጥፍ ይደርሳል። ለመግዛት የሚያወጡት የሁለቱ መኪኖች የዋጋ ልዩነት፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የስም ማዛወሪያ፣ የኢንሹራንስ ጭማሪና ከግዢ በኋላ የሚደረግ ጥገና ነው፤ ይህን ድምር ለ23 ያካፍሉት። ሞተር ለመቀየር የሚያወጡት ደግሞ የሞተሩ ዋጋ፣ የእጅ፣ የማስመዝገቢያና መኪናው ጋራዥ በቆየበት ጊዜ ያጡት ገቢ ነው፤ እርሱን ለ11 ያካፍሉት። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በዚያው ሳምንት የጠየቁትን ቁጥር ይጠቀሙ። በንጽጽሩ ላይ አንድ እርማት ያድርጉ፦ ከዋጋ ልዩነቱ ውስጥ አብዛኛው በኋላ በሽያጭ የሚመለስ መሆኑን ያስቡ። እንዲህ ከተሰላ ከ1,300 ሲሲ በታች ያለ ቤንዚን መኪና ላላቸው ሰዎች መግዛቱ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልተገኘም ያለውን በደንብ ጠግኖ እየነዱ መቆጠብ ከግማሽ ማሻሻያ ይመረጣል።

ኤሌክትሪክ መኪናም በዚህ ንጽጽር ውስጥ መግባት አለበት፣ ምክንያቱም አየር ስለማይስብ ከፍታው ከጉልበቱ ምንም አይወስድበትም። ቢዋይዲ ሲገል የሚባለው ትንሹ መኪና 55 ኪሎዋት፣ ማለትም 75 የፈረስ ጉልበት ያህል አለው፤ ወረቀት ላይ ከቪትዙ ብዙም አይበልጥም። ደጀን ላይ ግን ቪትዙ 53 ሲቀረው እርሱ 75ቱን ይዞ ይቆያል፣ ያንንም ማርሽ ሳይቀይር ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ይሰጣል። ለባሕር ዳር ከተማ ውስጥና ለዙሪያዋ ከተሞች ይህ እጅግ የሚያረካ አነሳስ ነው። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ግን ነገሩ ይከብዳል፤ መንገዱ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተለቅ ያለ ኤሌክትሪክ መኪናም 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ከባትሪው ይፈጃል። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልስለታል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። በመንገዱ ላይ የት እንደሚሞላ አስቀድሞ በስልክ ያላረጋገጠ ሰው በርቀቱ ላይ ተስፋ አድርጎ ባይነሳ ይሻላል።

የሚገዛውን መኪና መሞከሪያ ቦታ ሲመርጡ ደላላው የሚወደውን መንገድ አይቀበሉ። በሐይቁ ዳር ባለው ዘንባባማ ጎዳና ላይ በቀላሉ የማይሮጥ መኪና የለም። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረው በጎንደር መንገድ ወደ ዘንዘልማ ይንዱት፤ እዚያ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ መሪው ወደ አንድ ወገን እንደሚጎትት፣ ፍሬን ሲይዙም እንደሚያዛባ ይታያል። ሲመለሱ ወደ ቤዛዊት ያውጡትና ከላይ የተገለጸውን የፍሪሲዮን ፍተሻ ያድርጉ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲቀይር የሚዘገይ ወይም የሚመታ መሆኑን ያዳምጡ። ሙከራው 4 ሰው ተጭኖ ይሁን። ኮምፕሬሽኑን እርስዎ በመረጡት ጋራዥ ያስለኩ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ቁጥር በቁጥር ያመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ አለመኖሩንም ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ። ጎማው ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ይዩ፦ 2319 ማለት በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ የቆየ ጎማ በፈጣን መኪና ላይ መቀጠል የለበትም፤ ዋጋው ከድርድሩ ላይ ይቀነስ።

የቀድሞ መኪናዎን ከመሸጥዎ በፊት የአዲሱ ስም ዝውውር መጠናቀቁን ይጠብቁ። መኪናዎ ላይ የጨመሩት ቸርኬ፣ መብራት ወይም ማርሚታ ካለ፣ ዋናውን ዕቃ ከጋራዥ ወይም ከጓሮ አውጥተው ይመልሱና ተጨማሪውን ለብቻው ይሽጡት። መኪናው ላይ እንዳለ ቢቀር ገዢው ምንም አይከፍልበትም፤ ለብቻው ሲሆን ግን የሚፈልገው ወጣት አይጠፋም።